ሰዓቱ የሚለካው ሰውን ነው ወይስ ቢስክሌትን?

የማኅበራችን የስፖርት ኮሚቴ ለዘንድሮው የቢስክሌት ውድድር ደንብ አርቅቆ በሚመጣው የምክር ቤት ስብሰባ ሊያቀርብ ተዘጋጅቷል። ረቂቁን አይተነዋል። አጭርና ግልጽ ነው፤ ለዚህም ኮሚቴውን እናመሰግናለን። ነገር ግን በውስጡ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ይኸውም ማንኛውም ተወዳዳሪ በፈለገው ዓይነት ቢስክሌት መወዳደር ይችላል የሚል ነው። አንደኛ ለሚወጣውም የገንዘብ ሽልማት ተመድቧል። እኛ ይህ ዓረፍተ ነገር ተሰርዞ ውድድሩ በተራ የመንገድ ቢስክሌት ብቻ፣ ያውም በጋራ በሚያዝ ቢስክሌት እንዲደረግ እንጠይቃለን። ምክንያታችንን ጓደኞቻችንና መምህራኖቻችን ታግሠው እንዲያነቡልን እንለምናለን።

ባለፈው ዓመት በመጋቢት የተደረገውን ውድድር ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ እንጦጦ ማርያም የሚያበቃ የዳገት ውድድር ነበር። የተነሣነው አሥራ ሦስት ነን። አንደኛ የወጣው ወንድማችን ብርቱ ሰው መሆኑን አንክድም፤ ይሁን እንጂ የያዘው ዘመድ ከውጭ አገር የላከለትን፣ በሁለት ጣት የሚነሣ የካርቦን ቢስክሌት ነበር። ከኛ መካከል አንዱ ደግሞ ከሰፈሩ ጎሚስታ በሰዓት የተከራየውን የቻይና ቢስክሌት ይዞ መጣ። ካቴናው መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ወጣበት፤ ሁለቱንም ጊዜ ወርዶ በእጁ መለሰው፤ እጁ በግራሶ እንደ ጠቆረ ስድስተኛ ሆኖ ደረሰ። ከሱ በፊት የገቡት አምስቱም የራሳቸው ጥሩ ቢስክሌት ያላቸው ነበሩ። ያ ልጅ በሌላ ቢስክሌት ቢሆን ስንተኛ ይወጣ ነበር? ይህን የሚነግረን ሰው የለም፤ ሰዓት ያዢውም አያውቅም። ሰዓቱ የለካው ልጁን፣ ካቴናውንና ጎሚስታውን አንድ ላይ አድርጎ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። በዚያ ቀን ከሴት እኅቶቻችን አንዲትም አልተሰለፈችም። አንዳንዶች «ሴቶች ዳገት ይፈራሉ» ብለው ሳቁ። እኛ ጠይቀን ነበር፤ ፍላጎቱ ያላቸው ብዙዎች ሆነው ተገኙ፤ ቢስክሌት ያላት ግን አንዲት አልነበረችም።

አሁን ስለዚህ ውድድር ጠባይ ጥቂት እንበል። የቢስክሌት ውድድር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው መቶ ሰው በአንድ ላይ ተነሥቶ ተገፋፍቶ የሚደርስበትን ነው። ይህኛው እንደዚያ አይደለም። ተወዳዳሪዎቹ በየደቂቃው አንድ አንድ ሆነው ይነሣሉ፤ እያንዳንዱ ብቻውን ሄዶ ብቻውን ይደርሳል፤ የፈጀበት ጊዜ ብቻ ተቆጥሮ ደረጃው ይወሰናል። ከፊት የሚሄደውን ሰው የደረሰበት እንኳ ከኋላው ተለጥፎ ከነፋስ መጠለል አይፈቀድለትም። ቢስክሌተኞቻችን ክሮኖ የሚሉት ይህንኑ ነው። በሜዳ ሲሆን ክሮኖ፣ በዐቀበት ሲሆን የዳገት ውድድር ይባላል እንጂ ሥርዐቱ አንድ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የታመነ ሰዓት፣ አንድ እርሳስና ወረቀት፣ ሰውየው እስኪነሣ ድረስ ኮርቻውን የሚይዝለት አንድ ጓደኛ ነው። ከስፖርት ሁሉ ይህን ያህል ለድኻ የሚስማማ እምብዛም አናውቅም።

ይህን ሥርዐት ለአማተሮች ያቆሙት እንግሊዞች ናቸው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተጀመረውም ከክልከላ ነው። በ1890ዎቹ ዓመታት የእንግሊዝ መንገዶች የፈረስና የጋሪ መንገዶች ነበሩ፤ በጅምላ የሚጋልቡ ቢስክሌተኞች ፈረስ ያስደነብራሉ ተብለው ከፖሊስ ጋር ተጣሉ። በ1894 ዓ.ም. በአንድ የ50 ማይል ውድድር ላይ አደጋ ደረሰና ነገሩ ባሰ፤ የቢስክሌተኞቹ ብሔራዊ ማኅበር ራሱ በመንገድ ላይ መወዳደርን ከለከለ። ከዚያ በኋላ ፍሬድሪክ ቶማስ ቢድሌክ የተባለ ሰው በ1895 ዓ.ም. በጥቅምት ለኖርዝ ሮድ ክለብ አንድ ዘዴ አወጣ። ሰዎቹ አንድ በአንድ፣ ተራርቀው ይነሡ፤ ለሚያያቸውም ለጉዳዩ የሚሄድ መንገደኛ ይምሰሉ የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን እንግሊዛውያን ክሮኖ የሚጋልቡት ጎሕ ሲቀድ፣ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ጥቁር ለብሰው ነበር። ለቀብር የሚሄዱ ይመስሉ እንደ ነበር መገመት ይቻላል። የውድድሩ ቦታ እንኳ በስሙ ሳይሆን በፊደልና በቁጥር በምስጢር ይጠራ ነበር፤ ምስጢሩ ከቀረ ብዙ ዘመን ቢሆነውም እስከ ዛሬ መንገዶቹ በዚያው ኮድ ይጠራሉ። የጅምላው ውድድር ወደ መንገድ የተመለሰው በ1942 ዓ.ም. ፔርሲ ስታላርድ የተባለው ሰው ክልከላውን ጥሶ ካዘጋጀው በኋላ ሲሆን፣ ማኅበሩ ስለዚህ ከአባልነት አባሮታል። ያ የሌላ ቀን ወሬ ነው።

ከዚህ የተደበቀ ስፖርት የወጡት ሰዎች እነማን ነበሩ? በቀን ሥራ የሚውሉ፣ ውድድሩ ወደሚነሣበት ቦታ በዚያው ቢስክሌታቸው የሚሄዱና በዚያው የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ። ሬይ ቡቲ የተባለው እንግሊዛዊ በ1956 ዓ.ም. በነሐሴ ወር 100 ማይል በ3 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከ28 ሴኮንድ ጋልቦ ከአራት ሰዓት በታች በውድድር የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የጋለበበት ቢስክሌት ብረት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልንጠቅሳት የሚገባን ቤሪል በርተን ናት። ይህች ሴት በዮርክሺር በአትክልት እርሻ ላይ በጉልበት ሥራ የምትተዳደር፣ ባልና ልጅ ያላት አማተር ነበረች። ከ1959 እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ለ25 ተከታታይ ዓመታት የአገሯ ሴቶች ሁሉ የበላይ ሆናለች። በ1967 ዓ.ም. በተደረገ የ12 ሰዓት ክሮኖ ከወንዶቹ ኋላ ተነሥታ አንድ በአንድ እየደረሰችባቸው አለፈች፤ በመጨረሻ የቀረው የወንዶቹን ክብረ ወሰን ለመስበር ይጋልብ የነበረው ማይክ ማክናማራ ነበር። አጠገቡ ስትደርስ ከኪሷ ከረሜላ አውጥታ ሰጠችውና አልፋው ሄደች። በ12 ሰዓት ውስጥ 277.25 ማይል፣ ማለት 446 ኪሎ ሜትር ያህል ጋለበች። ማክናማራም በዚያው ዕለት 276.52 ማይል ጋልቦ የወንዶቹን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ የሴቶቹ ግን ከሱ ይበልጥ ነበር። የሷን ክብረ ወሰን ሌላ ሴት የሰበረችው ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. ነው። ይህን የምናነሣው በመጋቢት የሳቁት ወንድሞቻችን እንዲያነቡት ጭምር ነው።

የዳገቱም ውድድር የቆየ ነው። የለንደን ካትፎርድ ክለብ የዳገት ውድድሩን የጀመረው በ1887 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬም በየዓመቱ በጥቅምት ኬንት በሚገኘው ዮርክስ ሂል በተባለው ዳገት ላይ ያደርገዋል። ዳገቱ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ፈጣኑ ሰው በሁለት ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል፤ ሲጨርስ ግን የሚይዘው ሰው ከሌለ ይወድቃል። የሚያስቀው፣ ሰዎቹ ክብደት ለመቀነስ የማያደርጉት የለም። የውሃ መያዣውን ያወልቃሉ፤ በመሪው ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ ይፈታሉ፤ መሪውን ራሱን በመጋዝ ይቆርጡታል፤ ብረቱን ይበሱታል። እንደዚህ ያለው ሞኝነት ግን ቢያንስ በመጋዝ የሚገኝ ነው፤ መጋዝ ደግሞ ማንም ሰው ይዋሳል።

በሜዳው ክሮኖ ላይ የመጣው ለውጥ ከዚህ የተለየ ነው። ለክሮኖ ብቻ የሚሠራው ቢስክሌት ክንድን ወደ ፊት ዘርግቶ የሚያስተኛ መሪ፣ ሽቦ የሌለው ድፍን የኋላ ጎማ አለው፤ ነጂውም ነፋስ የሚቀድ የራስ ቁርና ከገላ ጋር የሚጣበቅ ልብስ ይጨምርበታል። የፊዚክስ መምህራኖቻችን እንደሚያስተምሩን የአየር ግፊት በፍጥነቱ ስኩዌር ይጨምራል፤ እሱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው አቅም ደግሞ በኩብ ይጨምራል። ስለዚህ በሜዳ ላይ ፍጥነቱን በአሥር በመቶ ከፍ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ለአየሩ የሚከፍለውን ጉልበት በሠላሳ ሦስት በመቶ ማብዛት አለበት። ይህን ጉልበት ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ለዓመታት በየማለዳው መነሣት ነው፤ ሁለተኛው አየሩን የሚያሳልፍ ዕቃ መግዛት ነው። የእንዲህ ያለው ቢስክሌት ምርጡ በኛ ገንዘብ ሲታሰብ ከአንድ ጀማሪ መምህር የዓመታት ደመወዝ ይበልጣል።

ዕቃው ምን ያህል እንደሚያዳላ ከአንድ ሰው ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አላገኘንም። ኤዲ መርክስ የተባለው ቤልጂጋዊ በ1972 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ ከፍታ ላይ፣ አየሩ በሳሳበት ቦታ፣ በተራ ቢስክሌት በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ጋለበ። እንግሊዛዊው ክሪስ ቦርድማን በ1996 ዓ.ም. ክንዱን እንደሚዋኝ ሰው ወደ ፊት ዘርግቶ በሚጋለብ ልዩ ቢስክሌት በማንችስተር 56.375 ኪሎ ሜትር ሄደ። በኋላም የዓለም ቢስክሌት ማኅበር በ2000 ዓ.ም. ክብረ ወሰኑ መርክስ ጋልቦበት በነበረው ዓይነት ቢስክሌት ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ቦርድማን በዚያው ዓመት፣ በዚያው በማንችስተር እንደ ገና ሞከረ። ያገኘው 49.441 ኪሎ ሜትር ነው። መርክስን የበለጠው በ10 ሜትር ሲሆን ከራሱ ያነሰው በ7 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር! በአራት ዓመት ውስጥ ጥቂት እንዳረጀ እናምናለን፤ ግን 7 ኪሎ ሜትር ያህል አላረጀም። (በ2014 ዓ.ም. ማኅበሩ ያን ደንብ መልሶ አንሥቶታል።)

እዚህ ላይ አንድ የምሕንድስና ተማሪ ወዳጃችን በካፊቴሪያ የሰነዘረብንን ተቃውሞ ሳንሸሽግ እንጽፈው። «እናንተ ድኽነትን እንደ ጽድቅ ታያላችሁ፤ የተሻለ መሣሪያ ያለውን መከልከል ዕድገትን መከልከል ነው፤ ቀጥላችሁ ሯጮቻችን እንደ አበበ ቢቂላ በባዶ እግራቸው ይሩጡ ልትሉ ነው» አለን። መልሳችን ይህ ነው። አበበ በ1960 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ፤ በ1964 ዓ.ም. በቶኪዮ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ። ጫማን አንቃወምም። የምንለው ጫማው ለሁሉም ይድረስ ነው። ፈተና ላይ ለአንዱ ተማሪ ሁለት ሰዓት፣ ለሌላው ሦስት ሰዓት ተሰጥቶ ውጤቱ በአንድ ሰሌዳ ቢለጠፍ ያ ወዳጃችን ዝም ብሎ የሚያልፍ አይመስለንም።

ደግሞ ይህን ሐሳብ ከራሳችን አላፈለቅነውም። በአሜሪካ በሚደረጉ ብዙ የአማተር ክሮኖዎች ለተራ ቢስክሌት የተለየ ምድብ አለ፤ ስሙንም ከዚያው ከኤዲ መርክስ ወስደው የመርክስ ምድብ ይሉታል። ክንድ ማስተኛ የለም፤ ድፍን ጎማ የለም። በእንግሊዝም በቅርብ ዓመታት የክሮኖው ማኅበር ለመንገድ ቢስክሌት የተለየ ምድብ አቁሟል። ገንዘብ ያላቸው አገሮች ሰዎች እንኳ ስፖርቱ በዋጋው ምክንያት አዲስ ሰው እንዳያጣ ሰግተው ይህን ካደረጉ፣ እኛ ከነሱ ቀድመን ማሰብ ሲገባን በፈለገው ቢስክሌት ማለታችን ያስደንቃል።

ረቂቁን የሚደግፉት አንዳንዶች ደግሞ የአገር ስም ይጠራሉ። እውነት ነው፤ ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትካፈል ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ቢስክሌተኞች ነበሩ። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን በመጋለብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ለእንደዚህ ያሉት ልጆች የክሮኖ ቢስክሌት መግዛት ተገቢ ነው፤ ያ ግን የፌዴሬሽንና የክለብ ሥራ እንጂ የኛ አይደለም። የኛ ሥራ ከመካከላችን ማን ብርቱ እግርና ብርቱ ሳንባ እንዳለው ማወቅ ነው፤ እሱንም ቢስክሌት ለሌለው ሰው ቢስክሌት ሳንሰጥ ልናውቀው አንችልም።

እንጦጦም ለዚህ የታደለ ቦታ ነው። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው ዐቀበት ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ያደርሳል፤ እዚያ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በዚህ ፍጥነት ነፋስ የሚቀድ ዕቃ ምንም አይፈይድም፤ ነጂው የሚታገለው ከራሱ ክብደት ጋር ነው። ታዲያ ዳገት ጨርሶ አያዳላም ማለታችን አይደለም። 60 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ 12 ኪሎ የሆነ ቢስክሌት ቢይዝ፣ ሌላው እኩያው 7 ኪሎ የሆነ ቢይዝ፣ በሃያ ደቂቃ ዳገት ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ይለያያሉ። ባለፈው ዓመት በሁለተኛውና በስድስተኛው መካከል የነበረው ልዩነት ከዚህ ያነሰ ነበር። ስለዚህ ተራ ቢስክሌት ማለት ብቻ አይበቃም፤ ቢስክሌቱ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ይህስ እንዴት ይሆናል? ይህ ስፖርት ራሱ መልሱን ይዟል። ሰዎቹ በጅምላ የሚነሡ ቢሆን ኖሮ ለአርባ ሰው አርባ ቢስክሌት ባስፈለገ ነበር። ነገር ግን በየደቂቃው አንድ ሰው ስለሚነሣ አንዱ ቢስክሌት በአንድ ጧት አራት ሰው ያስተናግዳል። ሒሳቡን ሠርተነዋል። ዐሥር ተመሳሳይ ቢስክሌት ይኑረን። ዐሥር ሰው ለመነሣት ዐሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ የመጨረሻው እስኪደርስ ሠላሳ ደቂቃ እንስጠው፤ ቢስክሌቶቹን አውርዶ ኮርቻ ለማስተካከል ሃያ ደቂቃ። አንድ ዙር በአንድ ሰዓት ያልቃል። ከጧቱ በ12 ሰዓት ተኩል ብንጀምር በ4 ሰዓት ተኩል አርባ ተማሪ ጋልቦ ይጨርሳል። ዐሥሩን ቢስክሌት ባንገዛ እንኳ ለአንድ ጧት እንከራያለን፤ ረቂቁ ለሽልማት የመደበው ገንዘብ ለኪራዩ ይበቃል። የቱ ቢስክሌት ለማን እንደሚደርስ በዕጣ ይወሰን፤ ያን ጊዜ ካቴና ቢወጣበትም የዕጣው ነው፤ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ እንዲሞክር እንፈቅድለታለን። ሽልማቱ ይቅር ስንል የሚያዝኑ እንዳሉ እናውቃለን። ሰሌዳ ላይ ስምና ሰዓት ተጽፎ መታየቱ ለእንግሊዞቹ መቶ ዓመት በቅቷቸዋል፤ ከሱ ጋር የሚጠጡት ሻይ ብቻ ነው፤ ሻዩን እኛም አናጣውም።

ሁለት ነገር ግን በቀላሉ እንዳይታይ እናሳስባለን። አንደኛው ቁልቁለቱ ነው። ዳገቱን የወጣ ሰው ደክሞትና ተደስቶ፣ በማያውቀው ፍሬን፣ እንጨት ተሸክመው ከሚወርዱ እናቶችና ከመኪና ጋር እየተጋፋ መውረድ የለበትም። ቢስክሌቶቹ በጭነት መኪና ይውረዱ፤ መኪና ከታጣ ሁሉም እየገፋ ይውረድ፤ ዙሩ ቢረዝም ይርዘም። ሁለተኛው ቀኑ ነው። ረቂቁ እሑድ ይላል፤ እሑድ መንገዱ ወደ ማርያም የሚወጡ ምዕመናን ነው፤ ስለዚህ ቅዳሜ ይሁን።

ምክር ቤቱ ይህን ከተቀበለ በሱሉልታ ሜዳ ላይ የሜዳ ክሮኖ ለማድረግም እንዲሁ ዐሥሩ ቢስክሌቶች ይበቃሉ፤ እሱን በሌላ ጊዜ እንጽፋለን።

ለጊዜው በቢስክሌት እጦት ያልተወዳደረ ሁሉ፣ በተለይም እኅቶቻችን፣ ስማቸውን የሚጽፉበት ወረቀት በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ለጥፈናል። እስከ ትናንት ማታ ሃያ ሰባት ስም ተጽፎበታል፤ ዐሥራ አንዱ የሴቶች ነው። የኮሚቴው አባሎች ከስብሰባው በፊት መጥተው እንዲያዩት እንጋብዛለን። ኮርቻ ከፍና ዝቅ ለማድረግ የሚሆን የ13 ቁጥር መፍቻ ያለው ሰው ደግሞ ያውሰን፤ እኛ ያለን አንድ ብቻ ነው።